አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃ

ፍረወይኒ ወልደኪዳን ሰው ፎቶ ስታነሳ አትቆጥርም። ሌሎቹ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ እሷ ካሜራዋን ደቅና ዝም ብላ ታይሃለች። አንተ «አሁን ልታነሳኝ ነው» ብለህ ፊትህን ትወጥራለህ፤ አታነሳም። ትጠብቃለህ፤ ይደክምሃል። በመጨረሻ «ኧረ ምን ሆነች ይቺ ሴትዮ?» ብለህ ፊትህ ወደ ራሱ ሲመለስ፣ ያኔ ጠቅ ታደርገዋለች። «አሁን አንተን መሰልክ፤ ተነስ» ትላለች። ከወልድያ ሰው ግማሹ መታወቂያው ላይ ትንሽ ግራ የገባው የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፎቶ ቤቷ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ካለው መንገድ ዳር ነው። የከፈቱት አባቷ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከአዲግራት ለንግድ መጥተው እዚሁ አግብተው ቀሩ። እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተድራ፣ ባሏንም የቀበረችው እዚሁ ነው። ከስቱዲዮው ግድግዳ ላይ አባቷ ያሠሩት መጋረጃ እስከ ዛሬ ተሰቅሏል። ሰማያዊ ሰማይ፣ ነጭ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላኑ የሚወርድ ደረጃ። ሠዓሊው አውሮፕላን በቅርብ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ በሩ ድመት ያስገባ እንደሆነ ነው። ያም ሆኖ በአቅራቢያ ካሉት ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከግራና ከተሞች በገበያ ቀን ብቅ የሚል ጎረምሳ ሁሉ እዚያ ደረጃ አጠገብ ቦርሳ ይዞ ፎቶ ተነስቷል። ቦርሳውም የፎቶ ቤቱ ነው፤ ባዶውን ነው የሚዞረው።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ፍልስፍና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ የማገኘው እሷ በር ላይ ነው። ወንበሬም እዚያው ያድራል። «ጋሼ፣ ደንበኛ እንዳያልፍ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ» ትለኛለች። እሰበስባለሁ። ትንሽ ቆይቼ እረሳና እዘረጋለሁ።

የፊልሙ ዘመን ሲያልፍ ፍረወይኒ ሌላ ሰው የማይሞክረውን ሥራ ጀመረች። አባቷ ያነሱትንና እሷ ያነሳችውን አሮጌ ፊልም ሁሉ ሥራ ሲቀዘቅዝ እየጠበቀች ወደ ኮምፒውተር አስገባችው። ሠርጉን፣ ክርስትናውን፣ ምረቃውን፣ ደረጃው ላይ የቆመውን ጎረምሳ ሁሉ። «ምን ያደርግልሻል?» ስላት፣ «ሰው አይጣልም» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጠችም፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ሰው ልጁንና ፍራሹን ይዞ ወደ ደሴ ሸሸ። ፍረወይኒ የኮምፒውተሩን ሳጥን በጋቢ ጠቀለለች፤ በላስቲክ አሰረች። አጥሯ የሷን አጥር የሚነካ ጎረቤቷ ሁሪያ፣ ሻሽና ሽርጥ ነጋዴዋ፣ የግራና ሰው ናት። ሁለቱ ሴቶች ሳጥኑን ግራና ወስደው በሁሪያ እናት ጎታ ውስጥ ጤፍ ደፉበት። ፍረወይኒ ግን ተመልሳ መጣች። «መጋረጃውን ማን ይጠብቅ?» አለች። ከተማዋን የያዙት መጥተው «የኛ ነሽ ወይስ የነሱ?» አሏት። እነሱ ወጥተው እኛ የምንላቸው ሲመለሱም ያንኑ ጥያቄ ጠየቋት። ለሁለቱም የሰጠችው መልስ አንድ ነው፤ «የፎቶ ቤት ነኝ።» መቀሌ ያለው ወንድሟ ኣሉላ በሕይወት ይኑር አይኑር የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ መስመሩ ዝግ ነው። ቢሆንም በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጥሩን ትሞክራለች።

መብራትና ኔትወርክ ሲመለስ ሳጥኑም ከጎታው ተመለሰ። ማራገቢያው መዞር ሲጀምር የጤፍ ፍሬ ይተፋ ነበር። እሷ በብሩሽ ስታጸዳ ሁሪያ አጠገቧ ቆማ፣ «ቀስ በይ ፍሬዬ፣ ዘካ ያልወጣለት እህል ነው» ብላ አሳቀችን።

ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። አልበሙ የተቃጠለበት፣ ቤቱ የተዘረፈበት፣ ልጇ ወይ ባሏ የሞተባት። «ፍሬ፣ የሱ ፎቶ አንቺ ጋ ይኖር ይሆን?» ይላሉ። ትፈልጋለች፤ ታገኛለች። ስክሪኑ ፊት ቆመው ያለቅሳሉ፤ እሷም ወንበር ትሰጣቸዋለች እንጂ አይዟችሁ አትልም። ያቺ ሳጥን የከተማው አልበም ሆና ቀረች። ቅጂ የላትም። ሌላ መያዣ የሚሆን ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ እንኳ ገና አልተከፈተም ነበር።

አንድ ችግር ግን ነበር። ጎታው ውስጥ ሞቆት ይሁን አቧራ ገብቶ እንጃ፣ አንዳንዱ ፎቶ ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። ከእነዚህ አንዱ የእማማ አሰለፈች ልጅ የይታገሱ ነው። በጦርነቱ የሞተ ልጅ ነው፤ መርዶው ዘግይቶ ስለመጣ የአርባ ቀን መታሰቢያው ገና እየደረሰ ነበር። ከላይ ፀጉሩ፣ ግንባሩ፣ ዓይኖቹ አሉ፤ ከዚያ በታች ግራጫ። እማማ ግራጫውን እንዳታይባት ፍረወይኒ «ነገ ይምጡ» እያለች ትሸኛታለች። የተበላሸ ፎቶ የሚጠግን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ትፈልግ ጀመር። አንዱን ገጽ ከፈተች፤ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ «በነፃ አውርድ» ይላል፤ ነካችው። «ፍቀድ» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ፈቀደች። ሌላም መጣ፤ እሱንም ፈቀደች። ፎቶው አልተጠገነም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ ያልጠራችው ማስታወቂያ ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። የክብደት መቀነሻ፣ የቁማር ጨዋታ፣ ፈገግ ያለች ፈረንጅ። «ጎታው ውስጥ አይጥ ገብቶበት መጣ» አለችኝ እየሳቀች።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ከውስጥ ሳይረን ጮኸ።

የዚያን ሰሞን በወልድያ እንዲህ ያለ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ ለኖረበት ሰው አይነገርም። ባጃጁ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። የሁሪያ ደንበኛ የለካችውን ሻሽ በአንገቷ እንዳጠለቀች ሮጠች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወንበሬን አቅፌ ግድግዳ ተጠጋሁ። ሳይረኑን ተከትሎ የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ፤ ጮክ ያለ፣ ስሜት የሌለው ድምፅ።

«ጋሼ! ኧረ ቶሎ ይምጡልኝ!» አለች ፍረወይኒ።

ገባሁ። ስክሪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ሆኗል። መሐሉ ላይ ቁጥር ይሮጣል። ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ።

«ምን ይላል?»

አነበብኩላት። ኮምፒውተርሽ በአምስት ቫይረስ ተይዟል፤ እንዳትዘጊው፣ እንዳታጠፊው፤ ካጠፋሽው ውስጡ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል፤ ባለሙያዎቻችን ስለሚረዱሽ አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ደውይ ይላል።

«ሁሉም?» አለች። «ሰዉ ሁሉ?»

«እንዲህ ነው የሚለው። ደወልሽ እንዴ?»

«ሚስኮል አድርጌላቸዋለሁ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ለውጭ አገር ሂሳብ አይበቃኝም ጋሼ። ደግሞስ ጮኸው የጠሩኝ እነሱ አይደሉ? እነሱ ይደውሉ!»

ይህን ስትል ነው ሞላ የገባው። ሞላ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ የሰፈሩን ጥበቃ ያስተባብራል። ደህና ቀን «እትዬ ፍሬ» እያለ ከበሯ የማይጠፋ ሰው፣ ያን ቀን መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ይዞታል። ከኋላው የመንገዱ ሰው ተሰብስቧል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቫይረስ ነው ይላል።»

«ቫይረስ እንዲህ ያወራል? ፈረንጅ ናት እኮ የምታወራው! ከማን ጋር ነው የምትገናኚው?» «እትዬ»ውን ትቶታል።

ፍረወይኒ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ስልኳ ጠራ። ከውጭ አገር የመጣ ረጅም ቁጥር። ያቺ ሚስኮል ደርሳለች።

«አንሺው» አለ ሞላ። «በስፒከር።»

የወንድ ድምፅ ነው፤ ጨዋ፣ ለስላሳ፣ ችኩል። እኔ ተረጎምኩ። «አይዞሽ ይላል። ችግርሽን አውቀዋለሁ ይላል። አንድ ፕሮግራም ላስጭንሽና እኔ ከዚህ ሆኜ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ልግባ ይላል። ለማንም አትናገሪ ይላል።»

ከበሩ ላይ «ለማንም አትናገሪ!» ብሎ የሚደግም ድምፅ ተሰማ። መተርጎሜ ራሱ ጉዳዩን አባባሰው። ሞላ ስልኩን ተቀብሎ ዘጋው።

«ሳጥኑ ይነሳል» አለ። «ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይመረመራል። ንጹሕ ከሆነ ይመለስልሻል።»

በጦርነት ጊዜ ለምርመራ የሄደ ዕቃ እንዴት እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ሳይከፋ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዘዋወር ይጠፋል። ፍረወይኒ ከኮምፒውተሩ ፊት አልተነሳችም።

«ውሰደው» አለች ቀስ ብላ። «ውስጡ ያሉትን ሰዎች ግን መጀመሪያ በየቤታቸው አድርሰህልኝ ውሰደው።»

ይህን ጊዜ ነው ሁሪያ ሕዝቡን በክርኗ እየጣሰች የገባችው፤ ስልኳን ከፍ አድርጋ።

«ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ እኔም ጋ አለች!»

«የቷ ሴትዮ?»

«ይቺ የምትጮኸዋ! ትናንት ነጠላ ዜማ ላዳምጥ ብዬ አንዱን ስነካ ስልኬ ቀይ ሆኖ ጮኸ። ያዙኝ ብዬ ፈርቼ ሽርጥ ውስጥ ቀብሬው ዋልኩ። አሁንም ስከፍተው ያው ናት። ያ አላህ፣ ስሟት!»

ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ሲጮኹ ክፍሉ ውስጥ መስማት አልተቻለም። ፍረወይኒ የሁሪያን ስልክ ተቀብላ ከስክሪኑ አጠገብ ያዘችው፤ ሁለት ፎቶ ስታመሳክር እንደምታደርገው አንገቷን ሰብራ፣ አንዴ ይሄን አንዴ ያን አየች። ቀዩ ያው ቀይ ነው። ቫይረሱ እዚህም አምስት፣ እዚያም አምስት። ስማቸው አንድ፣ ተራቸው አንድ። የሚሮጠው ቁጥር እንኳ አንድ ቦታ ደርሶ ይቆምና እንደገና ከመጀመሪያ ይሮጣል።

«ጋሼ፣ የሁሪያ ስልክ ላይ ስለ ስልክ ነው የሚናገረው?»

አነበብኩ። «የለም። እሱም ኮምፒውተርሽ ነው የሚለው።»

ፍረወይኒ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ ስቱዲዮው ግድግዳ ዞረች፤ ወደ አውሮፕላኑ።

«መጋረጃ ነው» አለች።

«ምኑ?» አለ ሞላ።

«ይሄ ቀዩ። ሥዕል ነው ሞላ፤ ቁጥሩም የተሳለ ነው። እኔ ጋ የሚመጣ ሁሉ እዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ ይነሳ የለ? ሰው ይለዋወጣል፣ አውሮፕላኑ ያው ነው። የኔም ሳጥን የሷም ስልክ አንድ መጋረጃ ፊት ነው የቆሙት። ማንም ምንም አልመረመረም።»

«ካመንሽበት ዝጊዋ» አለ ሞላ። እያላገጠባት ይሁን እየተማጸናት፣ ከድምፁ መለየት አልቻልኩም።

እጇን ወደ ኪቦርዱ ላከች፤ ግን አየር ላይ ቀረ። ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ከጠፉስ?»

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። መርዶ ለመንገር ግን በዚህ ሰፈር ሁልጊዜ እጠራለሁ፤ በጦርነቱ ጊዜማ ሥራዬ ሆኖ ነበር። ያወቅሁትን ነገርኳት። «እውነተኛ መርዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ አይተሻል። ቀስ ብሎ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ የሚደግፍሽ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ነው። ለብቻሽ ሁኚ፣ ፍጠኚ፣ ለማንም አትናገሪ የሚል መርዶ እኔ ነግሬም ሰምቼም አላውቅም።»

ፍረወይኒ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ነቀለችው። ሴትዮዋ አላቆመችም፤ ቁጥሩም ይሮጣል። ቀጥላ የላይኛውን ጥግ ቁልፍ ተጭና ያዘች። ቀዩ ተሸበሸበና አነሰ፤ ከጀርባው እኛ የምናውቀው ስክሪን ጠርዙ ታየ። ዙሪያውን ሁሉ የሸፈነው ተራ የኢንተርኔት ገጽ ነበር። ከዚያ ኢንተርኔት የሚከፍተውን ፕሮግራም እንዳለ በግድ ዘጋችው።

ጸጥ አለ። ማራገቢያው ብቻ ይሰማል።

ፎቶዎቹን ከፈተች። አሉ። ሙሽሮቹ፣ ተመራቂዎቹ፣ ሕፃናቱ፣ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ከመሐላቸው አንዱን ፈልጋ አወጣችና ስክሪኑን ወደ ሞላ አዞረችው። ፀጉሩን ያጎፈረ ቀጭን ጎረምሳ ባዶ ቦርሳ ይዞ ከአውሮፕላን ደረጃ አጠገብ ቆሟል፤ ትንሽ ግራ ገብቶታል።

ሁሪያ ቀድማ አወቀችው። «ሞላ! ወየው፣ ከየት አገር እየመጣህ ነው?»

ሞላ መሣሪያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ከመርሳ» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ቆይቶ ሳቀ። «እናቴ ይሄን ፎቶ አይታ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች እኮ! ልጄ በአየር ሄደ ብላ ስለት አስገባች። እኔ ጋሪ ላይ ነበርኩ።»

«አልዋሸኋትም» አለች ፍረወይኒ። «ሥዕል መሆኑን ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። የነዚህ ክፋታቸው ሥዕላቸውን እሳት ነው ማለታቸው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ሳላስብ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። አስፈራሪው መጀመሪያ ፍርሃቱን ይሰጥሃል፤ ቀጥሎ ራሱን መጠጊያ አድርጎ ያቀርብልሃል። ይህን ለመሥራት ኮምፒውተር አያስፈልግም። ጦርነቱም በየሰዉ ጀርባ መጋረጃ ሰቅሎ ነበር። ያን ቀን በር ላይ የቆመው ሰው ፍረወይኒን ሲያይ ያየው ጀርባዋ ላይ የተሰቀለውን ነው። እሷ ራሷ እንደሆነች እዚያው ነበረች፤ ማንም ቢሆን ራሱን እስኪመስል የምትጠብቅ ሴት።

ማጽዳቱ ብዙ አልፈጀብንም፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትነካለች፣ ሁሪያ ታዛለች። ከመደናገጧ በፊት ምን እንደፈቀደች እያስታወሰች ወደ ኋላ ሄደች። ያንን በግድ የዘጋችውን ፕሮግራም፣ ብሮውዘሩን፣ ድጋሚ ስትከፍት የድሮውን ገጽ ልመልስልሽ ወይ ሲላት እንቢ አለችው። ማስታወቂያ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ገጾች አገኘን፤ የማናውቀውን ሁሉ ከለከልን። በብሮውዘሩ ላይ ተለጥፎ የተገኘ ባዕድ ነገር ነበረ፤ ነቀለችው። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑትን ፕሮግራሞች በቀናቸው ደርድረን ስናይ፣ ከፎቶ ጠጋኙ ጋር በአንድ ቀን የገቡ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቀው ሁለት ነበሩ። «እንግዳ ይዞ የመጣው እንግዳ» ብላ ሦስቱንም አስወጣች። በመጨረሻ የኮምፒውተሩ የራሱ ጠባቂ ሁሉን እንዲፈትሽ አዘዘችው። እሱ አልጮኸም። ሲጨርስ ምንም የለም ብሎ በትንሽ ጽሑፍ ተናገረ። የሁሪያ ስልክ ላይ ያሉትም ገጾች እንዲሁ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። «ሴትዮዋ ሄደች?» አለች ሁሪያ፤ «ትንሽ ለምጃት ነበር።»

የይታገሱ ፎቶ አልተጠገነም። ፍረወይኒ «ነገ ይምጡ» ማለት አልቻለችም። እማማ አሰለፈችን አስቀምጣ እውነቱን ነገረቻት፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ከዓይኑ በታች ያለውን ግራጫ ቆርጣ፣ የቀረውን አትማ ሰጠቻት። እናትየው ረጅም ጊዜ አየችው። «ዓይኑ አለ» አለች። «እሱ በዓይኑ ነበር የሚስቀው።» በአርባው ቀን ያ ፎቶ ከሻማው አጠገብ ቆመ። ጎዶሎ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እንደገና አገረሸ። ቆቦ ተያዘች ሲባል ወልድያ እንደገና ፍራሿን መጠቅለል ጀመረች። ጠዋት ወንበሬን ላስገባ ስወጣ የፍረወይኒ በር ላይ ባጃጅ ቆሟል። ሞላ ነው። ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ ጨቅላ እንደሚያስተኛ ሰው ጎኑን በትራስ እየደገፈ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ግራና። ጎታዋ ተጠርጋ እየጠበቀች ነው መምህር። ሁሪያ ቀድማ ሄዳለች።»

ፍረወይኒ የተጠቀለለውን መጋረጃ በትከሻዋ ይዛ ወጣች፤ በዚህ ጊዜ እሱንም ልትወስደው ነው። ባጃጇ ውስጥ አልገባ አለ። ሞላ ወርዶ አየው፤ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ ፍሬ፣ አውሮፕላን ጭኜ አላውቅም እኮ» አለ። ጣሪያው ላይ በገመድ አሰረው።

እሷ ሳጥኑን አቅፋ ተቀመጠች፤ ከዚያ አንገቷን አውጥታ ወደኔ አየች። እኔ ደህና ሁኚ ልል ፊቴን ወጠርኩ። ጠበቀች፤ ታውቃላችሁ እንዴት እንደምትጠብቅ። ፊቴ ሲደክመኝና ወደ ራሱ ሲመለስ፣ ራሷን በእሺታ ነቀነቀችና የሞላን ትከሻ ነካ አደረገች።

«አሁን ንዳ» አለችው።